ዕድሜን የሚመጥን ማበረታቻ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሽልማት ዝግጅት ለሚመርጡ የድሬዳዋ ስም ጠሪ መምህራን

በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ 13፣ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ 14 ዓመት ይሆነዋል። እኔ በስም ጠሪነት ባገለገልኩባቸው የድሬዳዋ ክፍሎች ግን ልጅነቱ ገና ያልለቀቀው የ12 ዓመት ተማሪና ድምፁ የጎረነነ የ16 ዓመት ጎረምሳ በአንድ ዴስክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲማሩ አይቻለሁ። ለአንዱ ከረሜላ ደስታ ነው፤ ለሌላው ስድብ ነው። በታችኛው ክፍል የለመድነው «አንበሳ! ጎበዝ!» ተብሎ የሚጨበጨበው ጭብጨባ እዚህ ሲደርስ ኃይሉ ያልቃል፤ ይህ መመሪያም በዚህ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ላሉት ልጆች የሚሆነውን ማበረታቻ እንዴት መርጦ፣ እንዴት አዘጋጅቶ መስጠት እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያሳያል።

አስቀድሜ የራሴን ስህተት ልናገር። የማስተማር ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ በሂሳብ ብዙ ለተሻሻለ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከካርቶን የተሠራና በወርቃማ ወረቀት የተለበጠ ዘውድ በጠዋት ሰልፍ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ በሁሉም ፊት ጫንኩለት። ልጁ ሰልፉ ውስጥ ወደ ቦታው ሳይመለስ ዘውዱን አውልቆ ከሹራቡ ሥር ደበቀው። «ንጉሥ» የሚለው ስም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቀውም፣ እጁን አውጥቶ መመለሱንም ተወ። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ተማሪ ሽልማቱን የሚመዝነው በመምህሩ ሚዛን ሳይሆን በእኩዮቹ ዓይን ነው፤ ከጓደኞቹ ነጥሎ የሚያቆመው ነገር፣ በእኛ አስተሳሰብ ምንም ያህል ክብር ቢሆን፣ ለእርሱ ቅጣት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነጥብ ነው።

አንደኛ፦ ከሽልማቱ በፊት የሚሸለመውን ነገር ይወስኑ

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን መሸለም የቆየ ልማዳችን ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች ፊት ቢደረግ አልቃወምም። በየወሩ ለሚደረግ ማበረታቻ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ማን አንደኛ እንደሚወጣ ልጆቹ ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ የቀሩት አርባ ሰባቱ ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው ቆጥረው ይተዉታል። ስለዚህ ማንም ተማሪ ቢጥር ሊደርስበት የሚችል፣ ዓይን የሚያየውና የሚቆጠር ነገር ይምረጡ፦ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት የቤት ሥራን በሰዓቱ ማስረከብ፣ የማርፈድን ቁጥር በግማሽ መቀነስ፣ የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድኑ ደካማ አባል ካለፈው ፈተና የተሻለ ውጤት እንዲያመጣ ማገዝ።

ግቡ የክፍሉ ሁሉ ከሆነ «ሁሉም ተማሪ ካላሟላ» አይበሉ። እንዲህ ያለው ደንብ በእናቱ ሕመም ምክንያት ያረፈደን ልጅ የክፍሉ ጠላት ያደርገዋል፤ «በእርሱ የተነሣ ቀረብን» የሚለው ወሬ ከትምህርት ቤት ተከትሎት መንደር ድረስ ይገባል። ከ50 ተማሪ 45ቱ ካሟሉ ክፍሉ እንዳለፈ ይቆጠር፤ ያላሟሉት አምስት ልጆችም ከዝግጅቱ አይከልከሉ።

የተማሪው ልብ አስቀድሞ የወደደውን ነገር በሽልማት አለመንካትም ብልህነት ነው። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከሳሉ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ሲነገራቸው፣ ከዚያ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ለመሳል ያላቸው ፍላጎት ምንም ካልተሸለሙት ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሳይጠብቁ ሽልማት ያገኙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ኤድዋርድ ዴሲና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 የ128 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ መርምረው ያወጡት ጽሑፍም፣ አስቀድሞ ቃል የተገባበት ቁሳዊ ሽልማት ከውስጥ የሚመነጭ ፍላጎትን እንደሚያዳክም ያሳያል። ለእኛ የሚኖረው ትርጉም ቀላል ነው፦ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ የሚደክሙትን ልጆች «ይህን ያህል ዜና ካነበባችሁ» ብለን አንደራደራቸው፤ ቃል የሚገባበት ማበረታቻ በራሱ ደስ ለማይለው ሥራ፣ ለምሳሌ ለሰዓት አክባሪነትና ለቤት ሥራ፣ ይዋል። የሚወዱትን ለሚሠሩት ሳያስቡት የሚደርስ ምስጋና ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ተማሪዎቹን በጽሑፍ ይጠይቁ

በእጅ ማውጣት አይጠይቁ። በእጅ ማውጣት የተጠየቀ ክፍል ሁልጊዜ እግር ኳስ ነው የሚመርጠው፤ ከኋላ ወንበር ያሉት አራት ወንዶች ጮኸው ያሸንፋሉ፣ ሌላው ዝም ይላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከደብተር የተቀደደ ሩብ ወረቀት ይስጡና ስም ሳይጽፍ ሁለት ጥያቄዎች እንዲመልስ ያድርጉ። የመጀመሪያው «አንድ ክፍለ ጊዜ ለእናንተ ቢለቀቅ ምን ታደርጉበት ነበር?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በሰው ፊት እንድታደርጉት ብትጠየቁ የማትወዱት ነገር ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ በእኔ ልምድ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። «መዝፈን»፣ «መሮጥ»፣ «ውጤቴ ሲነበብ»፣ «ከወንዶች ጋር መጫወት» የሚሉ መልሶች ያገኛሉ፤ እነዚህን ሳያውቁ የሚመረጥ ዝግጅት ሁሉ አንድን ሰው ያሸማቅቃል።

ድሬዳዋ ውስጥ ስለሆንን፣ ተማሪው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መጻፍ እንደሚችል በግልጽ ይንገሩ። ቆጠራውን የክፍል አለቃውና አንዲት ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁሉም ፊት ይሥሩት፤ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ግን እርስዎ ብቻ ያንብቡት።

ሦስተኛ፦ የተጠቆሙትን በወንፊት ያሳልፉ

ከወረቀቶቹ አሥር ያህል ሐሳቦች ይወጣሉ። ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ባለመጠንቀቅ ስለሆነ፣ ጊዜ ወስደው አንድ በአንድ ይመርምሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዝግጅቱ ልጁን ያሳድገዋል ወይስ ያሳንሰዋል የሚለው ነው። ተለጣፊ ኮከብ፣ ፊኛ፣ ፊት ላይ ቀለም መቀባት ለሦስተኛ ክፍል ያምራል። ለ14 ዓመት ልጅ የሚመጥነው የአዋቂ ሥልጣን የሚመስል ነገር ነው፦ መምረጥ፣ መምራት፣ መዳኘት፣ መታመን። በአንጻሩ ከዕድሜው በላይ የሆነም አለ። ፊልም ካሳያችሁን የሚል ጥያቄ ሲመጣ ፊልሙን መምህሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያየው ክፍል ውስጥ አይግባ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ለሙሉ ፊልም እንደማይበቃና መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም ይታሰብ።

ቀጥሎ ጾምና ጸሎት አለ። አንድ ረቡዕ ቀን ከራሴ ኪስ የሥጋ ሳምቡሳ ገዝቼ ክፍል ገባሁ። ክርስቲያኖቹ ጾመኞች ነበሩ፤ ሙስሊሞቹ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ጠየቁኝ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ሳምቡሳው ጽሕፈት ቤት ተላልፎ ተበላ፤ ልጆቹ በጨዋነት ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ነገር ብቻ ነው፦ የምስር ሳምቡሳ፣ ባጂያ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን። ከዚህም በላይ ምግብን የዝግጅቱ ማጣፈጫ እንጂ ሽልማቱ ራሱ እንዳያደርጉት እመክራለሁ፤ በሆዱ የተገዛ ትጋት ከሆዱ ጋር ያልፋል።

ቀኑንም ይምረጡ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዓርብን የመዝናኛ ቀን ያደርጉታል፤ ነገር ግን ዝግጅቱ እኩለ ቀን አካባቢ ከዋለ ወደ ጁምዓ ሶላት የሚሄዱት አቋርጠው ይወጣሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሁሉም ይሻላሉ። ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት ማስታወሻ አይተማመኑ፤ በቅርብ ዓመታት ከ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ጋር በየካቲትና በመጋቢት ሲገናኝ አይተናል። በነዚያ ሳምንታት ምግብም ሩጫም ይቅር፤ ተቀምጦ የሚደረግ ነገር ይመረጥ።

ሙቀቱን ለድሬ መምህር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ሲዘነጋ አይቻለሁ። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስና ሲያልፍ፣ በእኩለ ቀን የሚደረግ የቮሊቦል ውድድር ማበረታቻ አይባልም። የሜዳ ጨዋታ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ካልሆነ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር። (በየአገሩ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ የከተማችንን ስም የተሸከመው ቀይ አበባ ያለው ዛፍም ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ጥላው ሰፊ ነው።) አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ፦ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደረቅ ሆኖ ሜዳ ስለሚመስል ብቻ ክፍሉን ወደዚያ አይውሰዱ። ጎርፉ የሚመጣው በላያችን ካለው ሰማይ ሳይሆን ከደጋው ዝናብ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን መውሰዱን እነዚህ ልጆች አላዩትም፣ ወላጆቻቸው ግን አይረሱትም።

ከዚያ የሴት ተማሪዎች ጉዳይ። ሜዳው ለእግር ኳስ ከተለቀቀ ሴቶቹ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ይህ ለግማሹ ክፍል የተሰጠ ሽልማት ነው። መፍትሔው ሴቶቹን አስገድዶ ማሯሯጥ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ የጀመራቸው አሉ፣ አለባበሳቸው ለዝላይ የማይመች አሉ፣ ከትምህርት በኋላ ታናናሾቻቸውን ለመያዝ ወደ ቤት የሚጣደፉም አሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ዝግጅቶች ያዘጋጁ፣ ተማሪው ምክንያት ሳይጠየቅ አንዱን ይምረጥ፣ ሁሉም በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቅ።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው፦ መዋጮ ያለበት ነገር ሽልማት አይደለም። ከሃምሳው አንዱ መክፈል ካልቻለ፣ ያ ዝግጅት ለእርሱ የድህነቱ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፦ ያለፉትን በጊዜ መጠን ይደልድሉ

የአሥር ደቂቃ ማበረታቻ በየሳምንቱ ሊሰጥ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ከፈለጉት ጓደኛ ጋር መቀመጥ በዚህ ዕድሜ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚወደድ ነው፤ ወጪም የለውም። በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ክፍሉ የመረጠው ዘፈን ወይም መልእክት እንዲተላለፍ ማድረግ፣ ወይም ለተማሪው ወላጅ አንድ አንቀጽ የምስጋና ደብዳቤ በዝግ ፖስታ መላክም እንዲሁ ነው። ደብዳቤው በዝግ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በሰልፍ ፊት ቢነበብ የሚያፍርበት ልጅ እናቱ ስታነበው ግን አያፍርም። «ከቤት ሥራ ነፃ» የሚል ካርድ የሚሰጡ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም፤ ካርዱ የቤት ሥራ ቅጣት መሆኑን በመምህሩ ፊርማ የሚያረጋግጥ ነው።

የአንድ ክፍለ ጊዜ ማበረታቻ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ምርጫውም ሰፊ ነው። የገበጣ፣ የዳማና የቼዝ ውድድር በጥላ ሥር ይካሄዳል፣ በጾም ጊዜም ይሆናል፣ ወንድና ሴት እኩል ይጫወቱታል። ዳኞቹ ተማሪዎች ይሁኑ። ከአማርኛው እንቆቅልሽ፣ ከኦሮምኛው ሂቦና ከሶማሊኛው እንቆቅልሽ እያፈራረቁ ቡድን ለቡድን መጠያየቅ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ብዙ ሳቅ ያመጣው ነው፤ በአማርኛው ትምህርት አንገቱን የሚደፋ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ክፍሉን ሁሉ አገር ሲያስሰጥ ማየት ለመምህሩም ትምህርት ነው። መምህራን ከተማሪዎች ጋር የሚያደርጉት የቮሊቦል ግጥሚያ፣ አንድ ተማሪ የመረጠውን ርዕስ ተዘጋጅቶ ክፍሉን የሚያስተምርበትና መምህሩ ተማሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ክፍለ ጊዜ፣ ወይም ትልልቆቹ ወደ አንደኛ ክፍል ሄደው ሕፃናትን የሚያስነብቡበት ሰዓት ለዚህ ዕድሜ ይመጥናሉ። የመጨረሻውን ሽልማት ለማለት የሚያመነቱ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ቁጡና ኃይለኛ ተብሎ የተፈረጀ የ15 ዓመት ልጅ ሕፃን አስጠግቶ ፊደል ሲያስቆጥር ፊቱ ላይ የሚታየውን ሳያዩ አይፍረዱ።

የግማሽ ቀን ወይም የአንድ ቀን ጉዞ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ይሁን። ለከዚራ ሰፈርና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለበት ለገሃር በእግር ይደረሳል። ከተማዋ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በመድረሱ ስለሆነ፣ የድሮውን ጣቢያና ወርክሾፕ ማየት ለድሬ ልጅ የራሱን ቤት ታሪክ እንደመስማት ነው። ለመግባት ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ አስቀድሞ ይላክ። ካልተፈቀደ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ወደ ክፍል ይጋበዝ፤ ከተማሪዎቹ የአንዱ አያት ሳይሆን አይቀርም። ጥያቄዎቹን ተማሪዎቹ አዘጋጅተው ይምሩት።

ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ዳገት የሚያዞራቸው ልጆች ስለሚኖሩ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ቁርሳቸውም ቀለል ይበል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ክፍሉን በአምስት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ አንድ በር ይስጡ፤ ቡድኑ ከአንድ መምህር ጋር ሄዶ የበሩን ስሞች በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ጠይቆ፣ ሥዕሉንም በእጁ ሠርቶ ይመለስ። እንዲህ ሲሆን ከአስጎብኚ ኋላ እየተጎተቱ ከመዞር ይድናሉ። ጅብ ሲመገብ ማየት ሁሉም ይጠይቃሉ፤ የሚካሄደው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ለሚመለስ ክፍል አይሆንም ብሎ ከመነሻው መናገር ነው።

አምስተኛ፦ ፈቃድና ዝግጅት

ከግቢ የማያስወጣውን ለዩኒት ሊደሩ፣ ማለትም ክፍሎቹን ለሚያስተባብረው መምህር፣ ማሳወቅ ይበቃል። ከግቢ የሚያስወጣውን ርዕሰ መምህሩና ወላጅ መምህር ኅብረቱ ይወቁት፣ ወላጅም በፊርማ ይፍቀድ። ወጪው ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ወይም ከኅብረቱ ይጠየቅ፤ ካልተገኘ ጉዞው ይሰረዝና በግቢ ዝግጅት ይተካ። ውኃ፣ የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፣ የስም ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይያዝ። ለያንዳንዱ የሜዳ ዝግጅት በክፍል ውስጥ የሚደረግ ምትክ ይዘጋጅ፤ ገበጣው ለዚህም ያገለግላል።

ስድስተኛ፦ በዕለቱና ከዕለቱ በኋላ

ቃል የተገባው በተባለው ቀን ይፈጸም። ከተማሪዎቹ መካከል ሁለቱ ጠዋት ስለተጣሉ ያገኙትን ዝግጅት መሰረዝ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ጥፋቱ በራሱ መንገድ ይታይ፣ የተሠራበት ደመወዝ ግን አይያዝ። ዳር የቆመውን ልጅ በስሙ ጠርተው «ና ግባ እንጂ» አይበሉት። ሥራ ይስጡት፦ ነጥብ መመዝገብ፣ ሰዓት መያዝ፣ ውኃ ማደል። አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እርሱም ጨዋታው ውስጥ ነው፤ ካልገባም ሥራ ይዟል።

ዝግጅቱ ባለቀ ማግስት በማስታወሻ ደብተርዎ አራት ነገር ይጻፉ፦ ቀኑን፣ ዝግጅቱን፣ ክፍሉ ያገኘበትን ምክንያት፣ ዳር የቆሙትን ተማሪዎች ስም። በቀጣዩ ወር ሩብ ወረቀቶቹን ሲያድሉ ይህን ዝርዝር አጠገብዎ ያድርጉት፤ አንድ ስም ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ የሚቀጥለውን ዝግጅት ከመወሰንዎ በፊት ልጁን በእረፍት ሰዓት ለብቻው፣ ከጓደኞቹ ዓይን ራቅ ብለው፣ ምን እንደሚወድ ይጠይቁት።